በረባሶውን ከመሶቡ ጎን ላስቀምጠው? ተማሪዎቼ ስለሰበሰቡት የቤት ዕቃ ምክር ፈልጌ ነው

መምህር ዘደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የእደ ጥበብ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ሰሌዳው ላይ መሶብ እስላለሁ፣ ከሥሩ «መሶብ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ልጆቹም በደብተራቸው ይገለብጣሉ። መሶብ የማያውቅ ተማሪ እኮ የለኝም። በየቤታቸው ቆሞ የሚያድረውን ዕቃ በጠመኔ ስዬ ማሳየቱ እኔኑ ሰለቸኝና ዘንድሮ ሌላ መንገድ ያዝኩ። እያንዳንዱ ተማሪ በእጅ የተሠራና በቤቱ የሚያገለግል አንድ ዕቃ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ እንዲያመጣ አዘዝኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሁሉ የእንግዳ ዕቃ ነበር። ለቡና ማቅረቢያ ከሱቅ የተገዙ ትናንሽ መሶቦች፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀቡ ጀበናዎች፣ ለግድግዳ ጌጥ የተሰፉ ሰፌዶች፤ አንዱማ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጥልፍ ያለበት ጨርቅ በፍሬም አስገብቶ መጣ። ቆንጆዎች ናቸው፣ አልክድም። ነገር ግን አንዳቸውም ላይ ጥላሸት፣ የእጅ ወዝ ወይም የተጠገነ ቦታ አጣሁ። «እንግዲያውስ እናታችሁ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምትደብቀውን ዕቃ አምጡልኝ» አልኳቸው። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግን ሌላ ነበር። ዘንጉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ እንዝርት፣ ከመንዝ ወገን የመጣ የበግ ጠጉር ዝተት፣ የተልባ ሽታው ያልለቀቀው ሙቀጫ፣ የእረኛ ጅራፍ፣ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የተሠራ ኩራዝ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ የእህል መስፈሪያ ጣሳ፣ ከሽቦ ታጥፎ የጠርሙስ ክዳን እግር የተገጠመለት መኪና፣ ደግሞም ካልሲ በካልሲ ላይ ተጠቅልሎ የተሰፋ ኳስ። ኳሱን ያመጣው ልጅ «ይኼ እንኳን የተደበቀ አይደለም፤ በእረፍት ሰዓት እንፈልገዋለን» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው አንድ ቅል ነው። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ተሰንጥቋል። የልጅቱ አያት ስንጥቁን ግራና ቀኝ በወስፌ በስተው ሰፍተውታል። ከላይ የተሰፋው በጅማት ነው፤ ስፌቱ ጥብቅ፣ ርቀቱም እኩል ነው። ወደ መካከል ሲደርስ ጅማቱ አልቆባቸው ኖሮ ከዚያ በታች ያለው ከማዳበሪያ ጆንያ በተመዘዘ ነጭ ክር ነው የቀጠለው። ቀዳዳዎቹ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ናቸው፤ ክሩ ቢለወጥም እጁ አልተለወጠም። ሙሉ ክፍለ ጊዜ በዚህ ቅል ላይ ብቻ አሳለፍን። ልጆቹ ክሩን አይተው የአያትየውን ቤት ታሪክ ሲናገሩ ብትሰሙ! ማዳበሪያ ወደዚያ ቀበሌ መቼ እንደገባ ሁሉ ክርክር አስነሳ።

ችግሬን ልንገራችሁ። የወላጆች ቀን ሲደርስ ዕቃዎቹን በክፍሉ ጥግ ልደረድር አስቤያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በረባሶውን፣ ኩራዙንና የካልሲውን ኳስ አስወጣ ይለኛል። «ባህላዊ ዕቃ በተባለበት ቦታ ጎማና ቆርቆሮ ምን ያደርጋል? ድህነታችንን ነው ወይስ ጥበባችንን የምታሳየው?» ነው የሚለው። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው የወሰደችውን አገልግል ፍለጋ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ለፈረንጅ ልትሸጡት ነው አሉ» ብለው ተቆጥተውኛል። ዕቃውን መልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ስጋታቸው ግን ከንቱ አልመሰለኝም።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ይከብደኛል። አንዲት ተማሪዬ ምንም አላመጣችም። «እኛ ቤት ዕቃ የለም» አለችኝ። እናቷን አውቃቸዋለሁ፤ በገበያ ቀን ምጣድና ገንቦ ደርድረው የሚሸጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የክፍሉ ልጆች ካመጡት የሸክላ ዕቃ ግማሹ ከእርሳቸው እጅ የወጣ ቢሆን አይገርመኝም። ልጅቱ ለምን ዝም እንዳለች ይገባኛል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም። ውጤት የምሰጠውስ በምን ላይ ነው? ባመጡት ዕቃ ውበት ከሆነ ሱቅ ሄዶ የገዛው ይበልጣል።

አሮጌ መጋዘን

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ አዲስ አበባ በአንድ ቤተ መዘክር ዕቃ ቤት ውስጥ ነው ፀጉሬን ያሸበትኩት፤ ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ ይታገሡኝ።

ባልደረባዎ «ድህነታችንን ነው ወይስ ጥበባችንን» ያሉት ነገር ለብዙ ዘመን ዕቃ ቤታችንን ባዶ ያስቀረ አስተሳሰብ ነው። ዘውዱን፣ ካባውንና ጋሻውን ሰበሰብን። ገበሬው በምን በላ፣ ልጁ በምን ተጫወተ፣ መብራቱ ምን ነበር ሲባል ግን የምናሳየው አጣን። ኩራዝ እኮ ስንት ሰው አጥንቶ ዶክተር የሆነበት መብራት ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ኩራዝ አምጣ ቢባል የት ያገኘዋል? የእርስዎ ተማሪ ስላገኘ አመስግኑት።

በረባሶውን ገልብጠው ለልጆቹ ያሳዩአቸው። የመኪናው ጎማ ጥርስ ከሥሩ ይታያል፤ ጎማው በተፈጥሮው ስለሚታጠፍ ሠሪው የትኛውን ክፍል ለሶል፣ የትኛውን ለማሰሪያ እንደሚቆርጥ ማወቅ አለበት። ማሰሪያው በስንጥቅ ገብቶ በምስማር የተያዘ ነው ወይስ በስፌት? የቢላዋው አካሄድ የት ላይ ተሳስቶ ተመለሰ? ይህን ያየ ልጅ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢሄድ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ባልዲ ሲሆን ቆሞ ማየት ይችላል። የመሶቡ ስንደዶም ሜዳ ላይ የበቀለ ሣር ነበር፤ ሰው በአካባቢው የሚያገኘውን ነው የሚያበጀው። ጎማ ከበዛ በጎማ ይሠራል።

አደራደሩን በተመለከተ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያስታውሱ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ቤቱም የጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። እዚያ ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ወይም በክልል አልተከፋፈሉም፤ የሰውን ዕድሜ ተከትለው ከልደትና ከልጅነት ተነሥተው፣ በጉልምስና አልፈው፣ ወደ ሞት ይሄዳሉ። እርስዎም እንዲህ ቢያደርጉ የካልሲው ኳስና የሽቦ መኪናው ልጅነት ውስጥ ይገባሉ፤ እንዝርቱና ጅራፉ ሥራ ውስጥ ይገባሉ፤ ባልደረባዎም የሚያስወጡት ያጣሉ። ወይም የአንድን ቀን ውሎ ይከተሉ፤ ከማለዳው ሙቀጫ እስከ ማታው ኩራዝ።

ደግሞም ተማሪ ዕቃና ወግ ሲሰበስብ የእርስዎ የመጀመሪያው አይደለም። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የራሳቸው ማኅበር አቋቁመው፣ እያንዳንዱ ስለ ተወለደበት አካባቢ ልማድ እየጻፈ መጽሔት ያወጡ ነበር። የዚያ ኮሌጅ የዕቃ ስብስብም ነው ኋላ ለስድስት ኪሎው ሙዚየም መነሻ የሆነው። ሐረር ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙትን የግል ሙዚየም ያየ ሰው ደግሞ አንድ ግለሰብ የከተማውን ሰው ቤት ለቤት እየጠየቀ ምን ያህል እንደሚያድን ይገባዋል። የብር ጌጡም፣ የእጅ ጽሑፉም፣ ስፌቱም አሁን በራስ ተፈሪ ቤት ተቀምጦ ይታያል።

ውጤቱን በዕቃው ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ይስጡ። ልጁ ስለ ዕቃው የቤቱን ሰው ጠይቆ ይጻፍ፤ በቤታቸው ምን ተብሎ ይጠራል፣ ከምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ በገንዘብ ተገዛ ወይስ በእህል፣ መቼ፣ ምን ጊዜ ተሰበረና ማን ጠገነው። ዓመተ ምሕረት አናውቅም የሚሉ ይኖራሉ፤ «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት» ወይም «እገሌን የወለድኩ ዓመት» ካሉ ይበቃል፤ እንዳሉት ይጻፍ። ከዚያ ዕቃውን በትክክለኛ ልኩ ይሳለው። ፎቶ አንሥቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚስል ልጅ ግን የሰፌድን ጥምዝ መቁጠሩ አይቀርም።

አያያዙን በአጭሩ ልበል። ምንም ነገር አይታጠብ፣ አይወልወል፣ ቫርኒሽ አይቀባ። የጀበናው ጥላሸት የጀበናው ታሪክ ነው። መሶብና ሰፌድ ፀሐይ ላይ ከዋሉ የአለላው ቀለም ይጠፋል፤ በላስቲክ ከታሸጉ ይሻግታሉ። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍነው ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ አይጥ ስፌት ትወዳለች። ኩራዙ ውስጥ ነጭ ጋዝ ካለ ዛሬውኑ ይደፋ። ቁጥር በዕቃው ላይ በእስክሪብቶ እንዳይጻፍ፣ ፕላስተርም እንዳይለጠፍ፤ ካርቶን ቆርጠው፣ በእርሳስ ጽፈው፣ በጥጥ ክር ያንጠልጥሉበት።

ነገረ ፈጅ

በመጋዘኑ ሰው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁሉም ነገር ሙዚየም ይግባ ከተባለ ቆሻሻ መጣያ አያስፈልገንም ማለት ነው። አንድ ልጅ ከአክርማና ስንደዶ በወራት የተሰፋን መሶብ እና አንድ ሰው ከሰዓት በኋላ የቆረጠውን ጎማ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲያይ ሁለቱ እኩል ጥበብ ይመስሉታል። መምህር መለየትን ማስተማር አለበት። ይህ የግሌ አስተያየት ነው።

አባትየው ስለተቆጡበት ጉዳይ ግን ልናገር፣ ሙያዬ ስለሆነ። ቁጣቸው መሠረት አለው። በኮንሶ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት ዋካ የተባሉት የእንጨት ሐውልቶች ከየመቃብሩ ተነቅለው ሲሸጡ ኖረዋል፤ ከተያዙት ውስጥ አሁን እዚያው ኮንሶ ሙዚየም የገቡ አሉ። ሰው «ዕቃህን ላየው» ሲባል የሚፈራው በምክንያት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። እርስዎ ከአገር እንደማያወጡት ይገባኛል። ለልጆቹ ግን አስቀድመው ይንገሩ፤ የብራና መጽሐፍ፣ የአንገት ክታብ፣ መስቀል፣ ከመቃብርና ከፍርስራሽ የተገኘ ነገር አይነካ፣ አይምጣ። ልጅ ለመምህሩ ደስ ይበለው ብሎ የአያቱን ዳዊት ከነማኅደሩ ተሸክሞ ቢመጣና ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?

ለቀረው ዕቃ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይስጡ፤ የዕቃው ስም፣ ያለበት ሁኔታ፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። አባትየው ያን ወረቀት ይዘው ቢሆን ኖሮ አይቆጡም ነበር።

የወለቃዋ

እኔ የምመልሰው ለሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ያቺን ልጅ ነበርኩና።

እናቴ ወለቃ ነው ሸክላ የምትሠራው፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ። መንገዱ ዳር ለቱሪስት የሚሸጠውን ትናንሽ የሸክላ ምስል ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ አንበሳው፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ። ያ የመጣው ፈረንጅ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። የእናቴ እንጀራ ግን ምጣድ፣ ድስትና ገንቦ ነበር።

ሰው ሸክላ ማለት ጭቃ ማድቦልቦል ይመስለዋል። አፈሩ ከሁሉም ቦታ አይወሰድም፤ እናቴ በጥርሷ ነበር የምትፈትነው፣ አሸዋው ከበዛ ይንቀጫቀጫል። አፈሩ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ይነከራል። ከዚያ የተሰበረ ገንቦ ገል ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይፈነዳል። በእግር ይረገጣል። መዞሪያ መሣሪያ የለም፤ የምትዞረው ራሷ ሠሪዋ ናት፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ወደ ኋላ እየተራመደች። ሲጠነክር ይፋቃል፤ ከዚያ ከወንዝ በተለቀመ ለስላሳ ጠጠር ይታሻል። የእናቴ ጠጠር ከእናቷ የወረሰችው ነው፣ አንድ ጎኑ አውራ ጣቷ እስኪገባበት ጎድጉዷል። እንግዲህ ሙዚየም ይግባ ከተባለ እኔ የማስገባው ያንን ጠጠር ነበር፤ ሰጥታኝ አታውቅም እንጂ፣ ዛሬም ትሠራበታለች።

ጥላ ውስጥ ደርቆ በኩበት፣ በእንጨትና በገለባ ሜዳ ላይ ይተኮሳል። ውስጡ ያልደረቀ ካለ ከእሳቱ ውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ እናቴ ስትሰማው «ሄደ» ትላለች። ክረምት ሲገባ አይደርቅም፣ ኩበቱም ይርሳል፤ ሰኔና ሐምሌ ቤታችን ይጨልም ነበር። ከእሳት የወጣውን ገንቦ በጣቷ ኳ ታደርገዋለች፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ምጣድ የገዛች ሴት ደግሞ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር አሟሽታ ነው የምትጋግርበት። ስለዚህ መምህር፣ ምጣዱን ሁለት ሴቶች ናቸው የሚጨርሱት።

ልጅቱ «ዕቃ የለንም» ያለችው ምን ብትሆን መሰላችሁ? ገንቦውን ይዛ ብትመጣ «ማን ሠራው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱን ደግሞ የክፍሉ ልጆች ያውቁታል። እኔን አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዓይኔን እንዳታይ ብላ እናቷ ያስጠነቀቀቻት ጓደኛዬ ነበረች፤ ቡዳ ናቸው ተብላ። የእናቴ ድስት ግን እነርሱ ምድጃ ላይ ወጥ ይሠራ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ እጅ ሥራ ያለውን ሁሉ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ገበያ ላይ አሁንም አለ።

እባክዎ ልጅቱን በክፍል ፊት አይጠይቋት። «የእናትሽን አምጪ» ብለውም አያስገድዷት። በገበያ ቀን ራስዎ ሄደው ከእናቷ ምጣድ ይግዙ፤ ሳይከራከሩ ይግዙ። ከዚያ «ልጆቹን አንድ ቀን ያስተምሩልኝ፣ የቀንዎን ገቢ እንከፍላለን» ይበሏቸው። በነጻ አይሁን። እንግዳ መምህር ሆነው፣ ወንበር ተሰጥቷቸው ይምጡ እንጂ ለትርዒት አይቅረቡ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፤ ገንቦው ላይ ስማቸው እንዲጻፍ ግን ይጠይቋቸው። በየሙዚየሙ የእናቴን የመሰለ ሥራ አይቻለሁ፤ «ገንቦ፣ ጎንደር» ይላል። ሠሪ የለውም። አንድ መስመር ለመጨመር ስንት ቀለም ይፈጃል?

ነገረ ፈጅ «መለየትን ማስተማር» ያሉት ነገር ሳነበው አንገፈገፈኝ። እኛን ሲለዩን ነው የኖሩት።

ነገረ ፈጅ

እህቴ፣ ያልኩት ስለ ጎማ ነበር። ስለ ሰው የተናገርኩት የለም። ነገር ግን ከመልስሽ በኋላ ዐረፍተ ነገሩን ደግሜ ሳየው ለምን እንደቆረቆረሽ ይገባኛል። ስለ በረባሶው አሁንም አልተስማማሁም።

የአያት ልጅ፣ ከአሽዶድ

ሰላም ከእስራኤል። የወለቃዋን ጽሑፍ ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እርሳቸውም ወለቃ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 በአውሮፕላን ሲመጡ ከለበሱት ልብስ በስተቀር የያዙት አልነበረም። ጠጠሩ ላይ ስደርስ አስቆሙኝና «እኔ የኔን ለጎረቤቴ ትቼላት ነው የመጣሁት» አሉ። ለማን እንደሆነም ስሟን ጠሩ፤ እዚህ አልጽፈውም።

እዚህ ሸክላ የሚሠሩት በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ በሚገዛ ጭቃ ነው፤ የሚተኮሰውም በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። «ይኼ ጭቃ ጣዕም የለውም» ይላሉ፤ ለካ በጥርስ መፈተን የሚለው ነገር ነው! እኔ እስከ ዛሬ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለመምህሩ አንድ ነገር ልበል፤ ልጆቹ የሽማግሌዎቹን ቃል ሲጽፉ ያልገባቸውንም ይጻፉ። እኔ አሁን ነው የገባኝ።

አሮጌ መጋዘን

የወለቃዋ ልጅ የጻፈችውን አትሜ ዕቃ ቤታችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። «ሠሪ፦ ያልታወቀ» የሚለው መስመር በራሴ የእጅ ጽሑፍ በስንት ካርድ ላይ እንዳለ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

መምህር ዘደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ደረሰኙን በኮምፒውተር አዘጋጅተን ርእሰ መምህሩ ማኅተም አደረጉበት። አገልግሉን ይዘው የሄዱት አባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ዕቃውን መልሰው ሰጡኝ። ያውም ውጩን የለበሰው የፍየል ቆዳ በአባታቸው እጅ እንደተለፋና ጠፍሩ ሁለት ጊዜ እንደተቀየረ ቆመው አስጻፉኝ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ዕቃውን ብቻ ነበር፤ ሰውየው ግን መናገር ነበር የፈለጉት።

ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄጄ ምጣድ ገዛሁ። ሳልከራከር ስከፍል በጥርጣሬ ነው ያዩኝ። ወደ ክፍል መምጣቱን አልተቀበሉም፤ «ልጄ ካፈረች እኔ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ልጆቹ ወደ እርሳቸው ቢሄዱስ ስላቸው ግን ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ። በቡድን በቡድን ወስጃቸው ነበር። ሁሉም ገንቦ ለመጀመር ሞክረው ጭቃው በእጃቸው ላይ ሲናድባቸው፣ ከመካከላቸው ጎኑን ማቆም የቻለችው ያቺው ልጅ ብቻ ናት። ማንም ምንም ሳይላት ተነሥታ ለሌሎቹ እጃቸውን ይዛ ማሳየት ጀመረች። ሁሉም ልጅ ተለወጠ አልላችሁም፤ በመንገድ ላይ አንዱ የለመደውን ስድብ ሲያንሾካሹክ ሰምቼ ለብቻው ጠርቼ አነጋግሬዋለሁ፤ ገና ብዙ ይቀረናል። በካርዶቹ ላይ ግን የሸክላ ሠሪዋ ስም ከነአባታቸው ስም ሰፍሯል፤ ራሳቸው ናቸው ያጻፉን።

ዕቃዎቹን በቀን ውሎ ልደረድራቸው ነው፤ በረባሶውም ከእረኛው ጅራፍ ጎን ቦታ አግኝቷል። ባልደረባዬ አሁንም ፊቱን ያጨማድዳል። የካልሲው ኳስ በእረፍት ሰዓት ከመደርደሪያው እንደሚወጣ ካርዱ ላይ ጽፈናል።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። የመንዙ ዝተት ላይ ትናንሽ ነጫጭ ትሎች አየሁ፤ አንዱ ጫፉም ተበልቷል። ባለቤቶቹ ሳያውቁ ምን ላድርግ? መድኃኒት ልርጭበት?

አሮጌ መጋዘን

ብል ነው። ይህን ዛሬውኑ ይፍቱት፤ ወደ ሌላው የሱፍ ዕቃ ይተላለፋል። መድኃኒት እንዳይረጩበት፤ ነገ ሰው የሚለብሰው ነገር ነው። ለባለቤቶቹ ደግሞ ይንገሯቸው፤ ደረሰኝ የሰጣችሁት ለምን ሆነና?

ከሌሎቹ ዕቃዎች አርቀው ውጭ ወስደው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት፤ እጥፋቱንና ስፌቱን በተለይ ያጥሩ፣ እንቁላሉ እዚያ ነው የሚደበቀው። ከዚያ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው፣ አየሩን አስወጥተው፣ በጥብቅ ያሽጉትና በረዶ በሚሠራ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ላስቲክ አይሁን ያልኩት ለመሶቡ ነው፤ እዚህ ግን እርጥበት እንዳይገባው ያስፈልጋል። ሲወጣ ወዲያው አይክፈቱት፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው አንድ ቀን ከነላስቲኩ ይደር። የደብረ ብርሃን ብርድ ይበቃል ብለው ውጭ እንዳይሰቅሉት፤ ብል ያን ያህል አይፈራውም። ትምህርት ቤቱ ፍሪዘር ከሌለው ሥጋ ቤት ይጠይቁ። የበግ ጠጉር ነው ቢሏቸው ቢያንስ ከበጉ ጋር ስለሚተዋወቁ እምቢ አይሏችሁም።